አንድ ደቂቃ በመልካ ጉሬ ጣቢያ

ተረቴ ተሳፍሯል፤ ቦታ ልቀቁለት። ሻንጣ የለውም። አንዲት ሴትና አንዲት ደቂቃ ብቻ ይዟል።

ከድሬዳዋ ወዲህ፣ አሸዋማውን ወንዝ ተሻግሮ፣ መልካ ጉሬ የምትባል መንደር ነበረች። አሁንም አለች፤ የትም አልሄደችም፤ ችግሯም ይኸው ነው። ባቡር ጣቢያዋ ከተዘጋ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል። አምና ሀዲዱ ተጠግኖ አሮጌው ባቡር ሰኞና ሐሙስ ማለፍ ጀመረ። ማለፍ ነው ያልኩት። መልካ ጉሬ ሲደርስ ያፏጫል፣ አቧራውን ይበትናል፣ ይሄዳል። መንገዱን ደግሞ ዘንድሮ ጎርፍ ስለበላው ድሮ ሽንኩርት ሊጭን ይመጣ የነበረው አይሱዙ እንኳ ድራሹ ጠፍቷል።

በዚህች መንደር ሲቲና የምትባል ቲማቲም አምራች ነበረች። እጇ ሥራ አይፈታም፣ አፏም ሥራ አይፈታም። ሲቲና ኢፍቱ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት። ኢፍቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ዘጠኝ ወሯ ገብቷል። የጤና ኤክስቴንሽኗ ሆዷን ዳብሳ፣ «ሕፃኑ በእግሩ ነው የተቀመጠው። እዚህ አትወልድም። እስከ ሐሙስ ድሬ ሆስፒታል አስገቧት» አለች። ኢፍቱ ይህን ስትሰማ ወደ ወንዙ አየች። የዛሬ ሁለት ዓመት የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው በቃሬዛ ወንዙን ስታቋርጥ፣ አሸዋው መሃል ላይ ነበር። እናቷ ምንም አልተናገረችም፤ ይህ ደግሞ ሲቲናን ለሚያውቅ ሰው ከልቅሶ ይብሳል።

ሲቲና የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው። ባቡሩ ይቁምልኝ። አንድ ደቂቃ። ልጄ እስክትሳፈር።

ሰኞ ጠዋት ባቡሩ ድልድዩ ላይ እንደ ልማዱ ቀዝቀዝ ሲል፣ ሲቲና ቀሚሷን ሰብስባ ከጎኑ መሮጥ ጀመረች።

«ሹፌር! ሹፌር! ሐሙስ አንድ ደቂቃ ቁምልኝ! ልጄ ልትወልድ ነው!»

ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። ደግ ፊት ያለው ጎልማሳ ነው። «ብቆም ደስ ይለኝ ነበር እናቴ፤ ግን በባዶ ሜዳ አይቆምም! ቀይ ባንዲራ ጣቢያው ላይ ካየሁ እቆማለሁ! ኮሚቴያችሁ ደብዳቤ ደርሶት የለም እንዴ?»

ደርሶታል። ይህችን ነገር ላስረዳችሁ። መልካ ጉሬ ጣቢያዋን ለማስከፈት ኮሚቴ አቋቁማለች። ሁለት መቶ ሰው ፈርሟል፤ መፈረም የማይችለው የጣት አሻራ አሳርፏል። መሥሪያ ቤቱም፣ «ጣቢያችሁን በሥርዓቱ አሰናዱ፤ ባንዲራ ሲታይ ሹፌሮቹ እንዲቆሙ ታዘዋል» ብሎ መልሷል። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እሾሁን መነጠረ፣ ፍየሎቹን አባረረ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀባ። ከዚያ ተቀምጦ ጠበቀ። ባቡሩም ኖራውን እያየ አለፈ። ባንዲራ የት እንዳለ የጠየቀ አልነበረም፤ ባንዲራውን የያዘው ሰው ግን ኮሚቴው ውስጥ ነበር።

ባንዲራው ያለው በጋሽ ኡመሬ ቤት ነው። ጋሽ ኡመሬ ድሮ ሀዲድ ቀያሪ የነበሩ፣ አሁን ከአልጋቸው ራቅ ብለው የማይውሉ ሽማግሌ ናቸው። ሲቲና ከባቡሩ ኋላ የቀረውን አቧራ እያራገፈች በቀጥታ ወደሳቸው ሄደች።

«ጋሽ ኡመሬ፣ ባንዲራውን ይስጡኝ። ባንዲራውን ለሹፌሩ አሳያለሁ፤ ሹፌሩ አንድ ደቂቃ ይሰጠኛል፤ ደቂቃዋ ለኢፍቱ ናት።»

ጋሽ ኡመሬ ትራሳቸውን ገለጥ አድርገው አሳዩዋት። ቀዩ ባንዲራ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ብል እንዳይበላው በየዓመቱ ፀሐይ ያሞቁታል። መልሰው ሸፈኑት።

«አደራ ነው ሲቲናዬ» አሉ። «ጣቢያው ሲዘጋ ብረት ለቃሚዎች እንዳይዘርፉት፣ ሼፍ አምዴ ዕቃውን ለየሰዉ አደራ ሰጥተው የለም? ለኔ ባንዲራውን ሲሰጡኝ፣ ‹ኡመሬ፣ ደወሉ ሳይመታ እንዳታወጣው› ብለውኛል። አደራ በላ እንድባል ነው? ወላሂ አላደርገውም።»

«ጋሽ ኡመሬ፣ እርስዎ ኮሚቴ ነዎት እኮ!»

«ነኝ። እደግፋለሁ። ባንዲራውን ግን አልሰጥም።»

ሼፍ አምዴ የጣቢያው አለቃ ነበሩ፤ የባቡር ሰው የጣቢያ አለቃን ሼፍ ነው የሚለው። ከሁለት ዓመት በፊት አርፈዋል። የሞተ ሰው አደራ እንዴት እንደሚከብድ የምታውቁ ታውቃላችሁ። በሕይወት ያለ ሰው ቢሆን ሄዶ ይለመናል፤ የሞተን ሰው ማን ይለምነዋል?

ደወሉ ያለው በመምህር ወንድይፍራው እጅ ነው። የትምህርት ቤቱ መምህር፣ ደግሞም ዳይሬክተር፣ ደግሞም ዘበኛ እሱ ራሱ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚጠራው በተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ይደበደባል። የጣቢያው የናስ ደወል ግን ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከካርታው ጎን ተቆልፎበታል።

«መምህር፣ ደወሉን ስጠኝ» አለች ሲቲና። «ደወሉን ለጋሽ ኡመሬ፣ ጋሽ ኡመሬ ባንዲራውን ይሰጡኛል። ባንዲራውን ለሹፌሩ፣ ሹፌሩ አንድ ደቂቃ ይሰጠኛል። ደቂቃዋ ለኢፍቱ ናት።»

መምህሩ መነጽሩን አወለቀና ጠረገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወረቀት የሚወድ ሰው ነው እንጂ። «እኔ ከመጣሁ ገና ዓመቴ ነው እናት። ደወሉን የተረከብኩት ከቀድሞው መምህር ነው። እሱም ከሼፍ አምዴ። በርክክቡ ላይ፣ ‹የጣቢያው በር ሳይከፈት ደወሉ እንዳይወጣ› ይላል። ፈርሜበታለሁ።»

«ልጄ በሰው ፊርማ ትሙት?»

መምህሩ ቀላ። «አይበሉ እንደሱ። በሩን ያስከፍቱ፤ ደወሉን በራሴ ተሸክሜ እመጣለሁ። እኔም ኮሚቴ ነኝ።»

በሩ ካልተከፈተ ደወል አይወጣም፤ ደወል ካልተመታ ባንዲራ አይወጣም፤ ባንዲራ ካልወጣ ባቡር አይቆምም፤ ባቡር ካልቆመ ኢፍቱ ድሬ አትገባም። ሲቲና ይህን ለራሷ እያለች ወደ ሽኩር ሱቅ ወረደች።

የበሩ ቁልፍ ያለው ባለሱቁ ሽኩር አንገት ላይ ነው። አዎ፣ አንገቱ ላይ። የክንድ ግማሽ የሚያህል ቁልፍ በገመድ አንጠልጥሎ፣ ስኳር ሲመዝንም፣ ሲሰግድም፣ ሲተኛም አያወልቀውም። ሚስቱ ስለዚህ ቁልፍ የምትለውን እዚህ አልደግመውም።

«ሽኩር፣ ቁልፉን ስጠኝ። ቁልፉ በሩን ይከፍታል፤ በሩ ቢከፈት መምህሩ ደወሉን ይሰጠኛል። ደወሉን ለጋሽ ኡመሬ፣ ጋሽ ኡመሬ ባንዲራውን ይሰጡኛል። ባንዲራውን ለሹፌሩ፣ ሹፌሩ አንድ ደቂቃ ይሰጠኛል። ደቂቃዋ ለኢፍቱ ናት።»

ሽኩር ቁልፉን በሁለት እጁ ጨበጠ። «አቦ ሲቲና፣ ሌላ የፈለግሽውን ውሰጂ! ስኳር ውሰጂ። ሳሙና ውሰጂ። ለኢፍቱ የሕፃን ልብስ አለኝ፣ ውሰጂ። ቁልፉን ግን፣ ‹ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ሳይሰቀል በር እንዳትከፍት› ብለውኛል። ሰዓት የሌለው ጣቢያ በረት ነው ይሉ ነበር ሼፍ።»

«አንተም ኮሚቴ ነህ መሰለኝ።»

«ምክትል ሰብሳቢ ነኝ» አለ ሽኩር፤ አፍሮ ነው ያለው።

ሰኞና ማክሰኞ እንዲህ አለቁ። ማታ ሲቲና ቤቷ ስትገባ ኢፍቱ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ አገኘቻት።

«ተገኘ እማ?»

«እየተገኘ ነው። ባንዲራው ደወሉ ዘንድ ቀርቷል፣ ደወሉ በሩ ዘንድ ቀርቷል፣ በሩ ሰዓቱ ዘንድ ቀርቷል።»

«ሰዓቱስ?»

«ሰዓቱ ሮብሌ ዘንድ ነው። ነገ እነጥቀዋለሁ።»

ኢፍቱ መሳቅ ፈለገች፤ ሆዷን ይዛ ተወችው። «እማ፣ ካልሆነ ግን በዚያ ወንዝ አትውሰዱኝ። እዚሁ ይሁን።» ሲቲና የሰማች አልመሰለችም፤ ሰምታለች።

ረቡዕ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ሮብሌ አንዱን ደንበኛ ግማሽ ላጭቶ ሳለ ሲቲና ገባች። የጣቢያው የግድግዳ ሰዓት ያለው እዚያ ነው፤ ግን ግድግዳ ላይ አይደለም። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከወንበሩ ሥር ተቀምጧል። ሮብሌ ጠዋት ጠዋት ይሞላዋል፤ ማንም አያየውም፣ ሁሉም ይሰማዋል። መልካ ጉሬ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ሳይሰማ ፀጉሩን የተቆረጠ ሰው የለም።

«ሮብሌ፣ ሰዓቱን ስጠኝ» አለች፤ አሁንስ ትንፋሿም አጥሯል። «ሰዓቱ ቢሰቀል ሽኩር ቁልፉን ይሰጠኛል። ቁልፉ በሩን ይከፍታል፤ በሩ ቢከፈት መምህሩ ደወሉን ይሰጠኛል። ደወሉን ለጋሽ ኡመሬ፣ ጋሽ ኡመሬ ባንዲራውን ይሰጡኛል። ባንዲራውን ለሹፌሩ፣ ሹፌሩ አንድ ደቂቃ ይሰጠኛል። ደቂቃዋ ለኢፍቱ ናት!»

ግማሽ የተላጨው ደንበኛ፣ «ስጣት በአላህ!» አለ።

ሮብሌ ምላጩን አስቀመጠ። «ብችል ኖሮ ሳትጠይቂኝ ተሸክሜው እመጣ ነበር። ሼፍ ግን፣ ‹ይህን ሰዓት ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ኮፍያ የደፋ ሼፍ ብቻ ነው› ብለውኛል። ጠዋት ጠዋት ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ሰዓቱን አይተው፣ በሩን ከፍተው፣ ደወሉን መትተው፣ ባንዲራውን ያስወጡ ነበር። ሥርዓቱ ይኸው ነው። ኮፍያው የት እንዳለ ደግሞ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ሲቲና ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

ኮፍያው ያለው በእትዬ ብርቄ ቤት ነው። እትዬ ብርቄ የሼፍ አምዴ ባለቤት ናቸው፤ ከመንዝ በሙሽርነት መጥተው እዚሁ አርጅተዋል። ቤታቸው ከጣቢያው ጀርባ ነው። ኮሚቴ አይደሉም። ኮሚቴ ሁኑ ያላቸውም የለም፤ ለምን እንደሆነ ደግሞ መንደሩ አይነጋገርበትም።

ሲቲና በራፉ ላይ ቆማ ራሷን ዝቅ አደረገች።

«እትዬ ብርቄ፣ ኮፍያውን ይስጡኝ። ኮፍያው ቢደፋ ሮብሌ ሰዓቱን ይሰጠኛል። ሰዓቱ ቢሰቀል ሽኩር ቁልፉን ይሰጠኛል። ቁልፉ በሩን ይከፍታል፤ በሩ ቢከፈት መምህሩ ደወሉን ይሰጠኛል። ደወሉን ለጋሽ ኡመሬ፣ ጋሽ ኡመሬ ባንዲራውን ይሰጡኛል። ባንዲራውን ለሹፌሩ፣ ሹፌሩ አንድ ደቂቃ ይሰጠኛል። ደቂቃዋ ለኢፍቱ ናት።»

«ጨረስሽ?» አሉ እትዬ ብርቄ።

«ጨረስኩ።»

«ፉርጎ በፉርጎ ቀጣጠልሽው። አሁን እኔ ልናገር። ሁሉም አደራ አለኝ፣ አደራ አለኝ ይላል። ለኔ አምዴ ምንም አደራ አላለኝም። ኮፍያውን የያዝኩት በገዛ እጄ ነው፤ የምከለክለውም በገዛ እጄ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ ወይስ ታስታውሺያለሽ?»

ሲቲና መሬት መሬቱን አየች። ታስታውሳለች።

ጣቢያው ከተዘጋ በኋላ ሼፍ አምዴ በየቀኑ ኮፍያቸውን ደፍተው ከተዘጋው በር ፊት ይቀመጡ ነበር። ዘጠኝ ዓመት። «ሀዲድ እስካለ ባቡር ይመጣል» ይሉ ነበር። መንደሩ ደግሞ ጨዋታ ፈጠረ። አንዱ ከድልድዩ ሥር ተደብቆ እንደ ባቡር ያፏጫል። ሽማግሌው ብድግ ይላሉ፣ ኮፍያቸውን ያስተካክላሉ፣ ሮጠው ሀዲዱ ዳር ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ወደ ድልድዩ ያያሉ። ከዚያ ሳቅ ነው። ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ሲቲናም ቲማቲሟን አስቀምጣ፣ እንባዋ እስኪወርድ ስቃለች። አንድ ቀን ደግሞ ያፏጨችው ራሷ ነበረች።

«ቤት ሲገባ ምን ይለኝ እንደነበር ታውቂያለሽ?» አሉ እትዬ ብርቄ። «‹የሚያፏጩት ልጆቹ እንደሆኑ አውቃለሁ ብርቄ፤ ግን ምናልባት አንዱ እውነተኛው ቢሆንስ? ተሳፋሪ ቆሞ ቢቀርስ?› ይለኝ ነበር። ሲሞት ሁላችሁም መጣችሁ፤ አለቀሳችሁ፤ ንፍሮ በላችሁ። ይቅርታ ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም። አሁን ባቡሩ ሲመጣ ኮፍያው ትዝ አላችሁ። ሂጂ ልጄ። ኢፍቱን እግዜር ይርዳት። ኮፍያውን አልሰጥም።»

በሩ ተዘጋ። ኮፍያ ከሌለ ሰዓት አይሰቀልም፤ ሰዓት ካልተሰቀለ በር አይከፈትም፤ በር ካልተከፈተ ደወል አይወጣም፤ ደወል ካልተመታ ባንዲራ አይወጣም፤ ባንዲራ ካልወጣ ባቡር አይቆምም፤ ባቡር ካልቆመ ኢፍቱ... ሲቲና የመጨረሻውን አልተናገረችውም።

ሐሙስ ነገ ነው። ሲቲና ግን ወደ ቤቷ አልሄደችም። ወደ ሀዲዱ ሄደች። ከሀዲዱ ሥር ከተነጠፈው ድንጋይ መሃል ትልቁን መረጠችና ትከሻዋ ላይ አወጣችው። በእትዬ ብርቄ አገር ይቅርታ የሚጠየቀው ድንጋይ ተሸክሞ ነው፤ ይህን ሲሠራ አይታለች። በሷ በሲቲና ወገን ደግሞ ለምለም ሣር ተይዞ ነው የሚለመነው። የቱ እንደሚሠራ ስላላወቀች ከወንዙ ዳር ሣር ነጭታ ሁለቱንም ያዘች።

በሮብሌ በር ስታልፍ ሮብሌ ወጣ። «ምንድነው የተሸከምሽው?»

«ያፏጨሁትን።»

 ሮብሌ ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ እሱም ወደ ሀዲዱ ሄደ። እሱ ድንጋይ ተሸክሞ ሲመለስ ሽኩር አየው። ሽኩር ሱቁን ዘጋ፤ ይህ ሰው በቀን ሱቅ ሲዘጋ የመጀመሪያው ነው። ሽኩርን መምህሩ አየው። «እኔ በዚያን ጊዜ አልነበርኩም» አለ መምህሩ። «ግን ትንሽ ልያዝ» ብሎ የጡጫ ያህል ድንጋይ አነሳ። መምህሩን ጋሽ ኡመሬ በመስኮት አዩት። ጋሽ ኡመሬ በምርኩዝ ወጡ፤ ሀዲዱ ዘንድ ደርሰው ከሁሉም የሚበልጠውን ድንጋይ ካልተሸከምኩ አሉ።

«ይገድልዎታል ጋሼ!»

«ከድልድዩ ሥር ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ እንደ ባቡር ማፏጨት የሚችል ከኔ ሌላ ማን ነበር?» አሉ። «ሀዲድ ቀያሪ ነኝ። የባቡሩን ፉጨት ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ልጆቹን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ከሼፍ ጋር ሃያ ዓመት አብሬ ሠርቼ!» ድንጋዩን ሰጧቸው።

ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይዋ ገና ስትናደድ፣ አምስቱ በእትዬ ብርቄ ደጅ ድንጋያቸውን ተሸክመው አጎነበሱ። ከኋላቸው ሰው መሰብሰብ ጀመረ፤ ግማሹ ድንጋይ ይዟል። ደንበኛውም ገና ግማሽ ራሱን እንደተላጨ መጥቷል።

እትዬ ብርቄ ወጡ።  ላቡ ከሽኩር አፍንጫ ይንጠባጠባል፤ ማንም ቀና አላለም።

«ኮፍያውን ልትጠይቁ ነው የመጣችሁት?»

«አይደለም» አለች ሲቲና።  «ኮፍያው ይቅር። ቅድም የመጣሁት ለሱ ነበር። እትዬ ብርቄ፣ ሳቅሁባቸው። አንድ ቀን ደግሞ አፏጨሁ። ሮጠው መጥተው ሀዲዱ ዳር ቆሙ፤ እኔ ደግሞ እሳቸውን እያየሁ ሳቅሁ። ሰኞ ጠዋት እኔም እንደሳቸው ባቡር ብዬ ሀዲዱ ዳር ሮጥኩ፤ አሁን ገባኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ይበሉን» አሉ ሁሉም።

እትዬ ብርቄ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ዓይናቸው ሞልቷል። ከዚያ ወደ ጋሽ ኡመሬ ዞሩ። «አንተም ኡመሬ?»

«እኔማ ዋናው ነበርኩ ብርቄ።»

«አውቃለሁ። አምዴም ያውቅ ነበር። ‹ኡመሬ ሲያፏጭ እውነተኛውን ያስንቃል› ይለኝ ነበር።» ወደ ሁሉም ዞሩ። «ይቅር ለእግዚአብሔር። አውርዱት።»

ድንጋዩ ሁሉ ዱብ ዱብ አለ። «አንተ ግን ቆይ» አሉ እትዬ ብርቄ ለጋሽ ኡመሬ። «ያንተ ትንሽ ይቆይ።» ጋሽ ኡመሬ ምርኩዛቸውን ጨብጠው እሺ አሉ። አሥር እስኪቆጠር ካቆሟቸው በኋላ እትዬ ብርቄ ራሳቸው ድንጋዩን ከትከሻቸው አወረዱላቸው፤ ውሃም አመጡላቸው። ስለ ኮፍያው አንድ ቃል ሳይናገሩ ገቡ። ሲቲናም አልጠየቀችም።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲቃረብ ሰው ሁሉ ጣቢያው ዘንድ ወጥቷል። ኢፍቱ በእናቷ ክንድ ላይ ተደግፋ ቆማለች፤ ከንፈሯን ነክሳለች፤ የምጡ ቁርጠት ጀምሯታል። ሲቲና ሀዲዱን አታይም፤ የምታየው የእትዬ ብርቄን በር ነው።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ብርቄ ወጡ። ኮፍያው በእጃቸው አልነበረም። ኮፍያው ሻሻቸው ላይ፣ ቀጥ ብሎ፣ ምልክቱ በፊት በኩል ሆኖ ራሳቸው ላይ ተቀምጧል።

«ሠላሳ ዓመት እያየሁ የተማርኩት ሥራ ነው» አሉ። «ሰዓቱን አምጣ ሮብሌ። ቶሎ በል!»

እንግዲህ ያዙኝ፤ አሁን ነው የሚሮጠው። ኮፍያው ቢደፋ፣ ሮብሌ ብርድ ልብሱን ወርውሮ ሰዓቱን አቀበለ። እትዬ ብርቄ ሰዓቱን ግድግዳው ላይ ቢሰቅሉ፣ ሽኩር ገመዱን ካንገቱ በጥርሱ በጠሰ። ቁልፉ ቢዞር በሩ እንቢ አለ፤ ምስጥና ዝገት ይዞታል፤ ሽኩር በትከሻው፣ ሮብሌ በጀርባው፣ ደንበኛው በግማሽ ራሱ ገፉት፤ በሩ ተከፈተ። በሩ ቢከፈት፣ መምህሩ ደወሉን መታ፤ የናሱ ድምፅ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ መልካ ጉሬን ዞራት። ደወሉ ቢመታ፣ ጋሽ ኡመሬ ባንዲራውን ከጨርቁ ፈትተው ምርኩዛቸው ላይ አሰሩና ወደ ሰማይ ዘረጉት። ባንዲራው ቢዘረጋ፣ ከሩቅ ብቅ ያለው ባቡር አፏጨ፣ ሲጢጥ አለ፣ ተንገጫገጨ፣ ቆመ።

ባቡሩ ቆመ። ሰው ሁሉ እንዲቆም ሲለምን ከርሞ፣ ሲቆም ደንግጦ ዝም አለ። «ምን ትጠብቃላችሁ!» ብለው የጮሁት እትዬ ብርቄ ናቸው።

መሰላሉ ከፍ ያለ ነበር። ኢፍቱ አንድ እግሯን አነሳች፤ ቁርጠቱ ያዛትና መለሰችው። ሮብሌና ሽኩር እጅ ለእጅ ተያይዘው መቀመጫ ሠሩላት። ቀስ ብላ ተቀመጠችበት። ቀስ አድርገው አነሷት። ቀስ የሚለው ነገር ደግሞ ደቂቃ ይበላል። ሹፌሩ በመስኮት አየ፣ የእጅ ሰዓቱን አየ፣ እንደገና አየ።

«እማማ» አለ እትዬ ብርቄን፤ «ደቂቃዋ እኮ አለፈች። ልሂድ?»

እትዬ ብርቄ ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

«እማማ ቤት ናት። እዚህ ያለሁት ሼፍ ነኝ።»

ሹፌሩ ኮፍያውን አየ፣ የተሰቀለውን ሰዓት አየ፣ የተከፈተውን በር አየ። «ይቅርታ ሼፍ» አለ።

«ባንዲራው ሲወርድ ትሄዳለህ። ባንዲራው የሚወርደው ተሳፋሪዬ ስትቀመጥ ነው።»

ተሳፋሪያቸው ተቀመጠች። ሲቲና አጠገቧ ወጣች። ከመስኮቱ ወደ ውጭ ስታይ፣ እትዬ ብርቄ ሀዲዱ ዳር ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ መንደሩም ከኋላቸው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ለጋሽ ኡመሬ ራሳቸውን ነቀነቁላቸው። ባንዲራው ወረደ፤ ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ወንዙን በድልድዩ ላይ ሲሻገሩ ኢፍቱ ወደ ታች፣ ወደ አሸዋው አላየችም፤ የእናቷን እጅ ይዛ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ዓርብ ጠዋት ድሬ ሆስፒታል ውስጥ ኢፍቱ በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ወለደች። ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ወጣና ለሲቲና፣ «ሁለቱም ደህና ናቸው። ግን አንድ ቀን ዘግይታችሁ ቢሆን...» ብሎ ጀመረ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ሲቲናም፣ ያቺ አፈኛ፣ ጨርስልኝ አላለችውም፤ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

እኔ እዚህ ላይ እወርዳለሁ። የቀራችሁ ደህና ግቡ።